ፊልሙ ከሲኒማ ወደ ቤት የመጣ ጊዜ

እኛ እዚህ ሰው አገር እንደመጣን ሰሞን፣ ልጆቼ፣ ፊልም ብቻውን የሚያይ ሰው አልነበረም። ያ በጠፈር መርከብ የሚዞሩት ሰዎች ፊልም አለ አይደል፣ አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ከቤተክርስቲያን በነጠላችን ወጥተን በጋሼ ታደሰ ታክሲ ታጭቀን ሲኒማ እንሄዳለን። ጋሼ ታደሰ ፊልሙ ሳይጀመር እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እኔ እንግሊዝኛዬ የሰላምታ ነው፤ ታዲያ ጓደኛዬ አልማዝ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታስተረጉምልኛለች። እሷስ መቼ ታውቅና። ካፒቴኑ ያን ሁሉ ተናግሮ ምን አለ ስላት፣ "እናቱ ናፍቃዋለች" ትለኛለች፤ እኔም አለቅሳለሁ። ከፊት ያሉት ዞረው ሽሽ ይሉናል፣ እኛ እንስቃለን።

ታዲያ አንድ ቀን አልማዝ ደውላ፣ ፊልሙ ከእንግዲህ ቲቪ ላይ ነው፣ በየሳምንቱ ቤት ድረስ ይመጣል አለችኝ። ደስታዬን ብታዩ። በስንት ዓመት አንዴ የምንገናኘው በየሳምንቱ ሊሆን ነው አልኩ። አዲስ አበባ ሰፈራችን ቲቪ የነበረው አንድ ቤት ነው፤ ማታ ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ ሳይጠራ ይገባል። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ቅዳሜ ቤቴን አጥቤ፣ ወንበር ተውሼ፣ ቆሎ በትሪ አድርጌ፣ በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥኩ። አስቡት እስቲ፣ ፌርፋክስ ላይ በር ከፍቶ።

ተጀመረ። ሰዎቹ ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ካፒቴኑም ሌላ፣ መርከቧም ሌላ። እና የእኛዎቹ የት ገቡ ብዬ የምጠይቀው የለም። የሕንጻው ጠባቂ ሲያልፍ በሩን አይቶ ደነገጠ፣ ሌባ የገባብኝ መስሎት። "ኖ፣ ኖ፣ ቲቪ፣ ግባ" አልኩት። እሱም ቤቱ ቲቪ እንዳለው ነገረኝና በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶልኝ ሄደ።

ለአልማዝ ደወልኩ።

"የት ቀራችሁ?"

"የት ልምጣ? ቲቪው እኔም ቤት አለ። ጋሼ ታደሰም ቫን ናይስ ቤታቸው ሆነው እያዩ ነው።"

"ሰውየው ምን እያለ ነው ታዲያ?"

"ቆይ፣ ልስማበት። ማስታወቂያ ሲመጣ ደውዪ" ብላ ዘጋችው።

እና ጠበቅሁ። ሰው ማስታወቂያ ሲመጣ ተነስቶ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ እኔ የሳሙናው ማስታወቂያ ብቅ ሲል እጄ ስልኩ ላይ ነው። ደወልኩ።

"ምን አለ?"

"ይሄ አዲሱም ዘመድ የለውም አሉ።"

"ከየት አመጣሽው?"

"ፊቱን አታዪውም?"

ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ሳሙናው አለፈ፣ መኪናው አለፈ፣ "ጀመረ፣ ቻው" አለችኝ። ወንበሮቹን በማግስቱ መለስኩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንደዚያው ነው፣ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፣ እሷ ክሬንሾው ቤቷ፣ እኔ እዚህ ቤቴ።

የእህቴ ልጅ ይሄን ስትሰማ፣ "እና አክስቴ፣ ፊልሙን ወደድሽው?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ። "ፊልሙንማ እንጃ ልጄ። ማስታወቂያው ግን ጥሩ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አጭር ነው።"