ግድግዳ የጠየቁት መሐንዲስ

እስቲ ብርጭቆ ያላችሁ ያዙ፣ የሌላችሁ ከጎናችሁ ቀሙ። አላስረዝምም። ይህን ቃል እዚህ ቤት አምኖኝ የሚያውቅ ሰው ባይኖርም።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ቀስ መሥሪያ ቤታችን የገቡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ የማወራው የዎርክሾፑ በያጅ ጋሼ የነገሩኝን ነው፤ ውሸት ካለበት ያውና ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል፣ እሳቸውን ያዙ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ አዲሷን መሐንዲስ እያዞሩ ባዶ ጠረጴዛዎቹን አሳዩአቸው። አንዱ መስኮት ሥር ያለው፣ ሰው ሁሉ የሚጣላበት ነው።

«የትኛው ይሁንልሽ?»

«ጠረጴዛው ይቆየኝ። ባዶ ግድግዳ አለዎት?»

«ግድግዳ? ምን ልትለጥፊበት?»

«አየር።»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጸሐፊያቸው ጠጋ ብለው፣ «የዚችን ልጅ ማስረጃ በደንብ አይታችኋል?» አሉ አሉ።

ግድግዳውን ግን ሰጧቸው፤ የሙከራ ክፍላቸውም እዚያው ተሠራ። ዛሬም አለ፤ እስከ ሰኞ። ሁላችንም እያወቅን ዛሬ ማታ ያላነሣነው ወሬ ይኼ ነው፦ እትዬ ጡረታ ሲወጡ የሙከራ ክፍላቸው የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል ተብሏል፤ ሰኞ አፍራሾቹ ይመጣሉ። እትዬ ይህን ከሰሙ ወዲህ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሲወለውሉ አይተናቸዋል። እመለስበታለሁ።

እንግዶቻችን፣ ሥራችንን ልንገራችሁ። በብርድ ጠዋት የአውቶቡስ የፊት መስታወት ሲያልበው ሾፌሩ የሚከፍታት ነፋስ አለች። ከቀጭን ቀዳዳ ትወጣና መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ሽቅብ መሮጥ አለባት። በአንድ ወገን መስታወቱ ይዞ ያዘገያታል፤ በሌላው ወገን የቆመውን አየር እየጎተተች ትወፍራለች፤ መሃሏ ትርምስምስ ያለ ነው። ጥግ ሳትደርስ ከደከመች ሾፌሩ በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል፤ መንገድ የሚያቋርጠውን ሰውም ዘግይቶ ያየዋል። እትዬ ዕድሜያቸውን የሰጡት ያ ሾፌር ቶሎ እንዲያይ ነው። አንዴ «ይቺ ነፋስ እኮ እንደ ሰው ኑሮ ናት» ብላቸው፣ «ነፋስ ናት፤ ለካት» ብለው አባረሩኝ።

ቅጽል ስማቸውን ያወጣላቸው የሙከራ ክፍሉ በር ነው። በኃይል ከተከፈተ አየሩ ይረበሻል፣ የተለካው ሁሉ ገደል ይገባል። «ቀስ!» ይላሉ። ስለዚህ እዚህ ቤት የሠራ ሰው በር የሚከፍተው እንደ ሌባ ነው። ሒሳብ ሹማችን ይኼ ልማድ ቤታቸው ተከትሏቸው ሄዶ፣ ባለቤታቸው «ከየት ተደብቀህ ነው የምትመጣው?» ብለው መጠርጠር ጀምረዋል።

የእትዬ ባለቤት ደግሞ የራሳቸው አቤቱታ አላቸው። አንድ ቀን ሻይ ሲቀዱ ሻዩ እንደዚያች ነፋስ ከማንቆርቆሪያው አፍ ሥር ተጣብቆ ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ሰው ጨርቅ ያቀብለኛል ብለው ሲጠብቁ፣ እትዬ ጎንበስ ብለው፣ «ቆይ፣ ቆይ፣ እስቲ ድገመው!»

የእኔን ልጨምር። ነፋሷ የት እንደደረሰች ለማየት መስታወቱ ላይ አጫጭር የጥጥ ክር እንለጥፋለን። ክሩ ሽቅብ ከተነሣ ደርሳለች፤ ተንጠልጥሎ ከቀረ ደክማለች። አምና እኔ በኮምፒውተር አስልቼ «ጥግ ትደርሳለች» አልኩ። የጥጉ ክር ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። «በዚህ ዘመን በክር!» ብዬ አጉረመረምኩ። በማግስቱ ስገባ እትዬን መስታወቱ ሥር ተንበርክከው ክሮቹን በወረንጦ ሲነቅሉ አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ እትዬ?»

«ማጣበቂያ አብዝቼ ክሩን እስከ ወገቡ አድርቄዋለሁ። እንዴት ይነሣ? ና፣ አዲስ ቁረጥ።»

ለጠፍን፤ ነፋሷን የሚያመጣውን ማራገቢያ አስነሣን። የጥጉ ክር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እትዬ እዚያው ወለሉ ላይ እንዳሉ ጮኹ፦ «ተሳስቻለሁ! ልጁ ልክ ነው!» ሒሳብ ሹሙ ሰው የሞተ መስሏቸው በሩን በረገዱት። «ቀስ!» አልናቸው ሁለታችንም።

እኔማ ደረቴ ተነፋ። «እንግዲህ ክር ቀረ ማለት ነው» አልኩ።

«ልክ መሆንህን ማን ነገረህ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ትናንትም እሱ ያንኑ ይል ነበር። ታዲያ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አይተህ ነው እንዲህ የምትዘለው?»

ያኔ ገባኝ፤ የማየው የቆመውን ክር ነበር።

እትዬ፣ የማመሰግንዎት ስላስተማሩኝ ብቻ አይደለም። አለቃ ሲሳሳት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ብዬ ነበር የማስበው። እርስዎ ግን ተሳስተው እንደተመረቀ ሰው ደስ አለዎት፤ ጨዋታው ከእኔ ጋር ሳይሆን ከነፋሷ ጋር ነበራ። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ ዕድል በመጣ ቁጥር ልሂድ ልሂድ እላለሁ። አንድም ቀን «ተቀመጥ» ብለውኝ አያውቁም።

አሁን ወደ ሰኞ። ትናንት ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ ገብቼ፣ «ክፍሉን አያፍርሱብን» አልኩ።

«ባለቤት የሌለው ክፍል መጋዘን ነው። ማን ሊይዘው?»

«እኔ።»

«አንተ? አንድ እግርህ ሁልጊዜ ከበር ውጭ የሆነው ልጅ?»

«የሚተካኝ ሰው እስካሠለጥን አልሄድም።»

ስልኩን አንሥተው አፍራሾቹን «አትምጡ» አሏቸው። «እሳቸውን ግን አንተ ንገርልኝ» አሉኝ፤ «ስለ አዳራሹ ከነገርኳቸው ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል።»

ይኸው ነገርኩ። እትዬ፣ ክፍሉ አይፈርስም።

ኧረ አያልቅሱ፣ ገና ብርጭቆ አላነሣንም! በሉ ሁላችሁም ተነሡ። ለእትዬ! ጉልበትዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎ የጠገበ ይሁን፣ ቤትዎ ሳቅ አይጣ። ለጤናዎ!

ሰኞ ጠዋት ግን፣ እባክዎ፣ ስልክዎን እንዳያጠፉት። ያን ማራገቢያ ብቻዬን አስነሥቼው አላውቅም።