ድንጋዩን ጣልና ብላ!

እኔ ስናደድ ሁሉንም ጠራርጌ ካልጣልኩ አይወጣልኝም። ካርቱም፣ ዐማራት ሰፈር ካለው ቢሯችን ተቀምጬ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ መጥሪያ አፕ ስሠራ፣ ሳምንቱን ሙሉ የለፋሁበት ኮድ አንድ ጠዋት አልነሳም አለኝ። ብነካካው ብነካካው እምቢ! ገና ኮሚት አድርጌ ስላላስቀመጥኩት ከጠፋ ጠፋ ነው። ቢሆንም እልህ ያዘኝና ለውጡን በሙሉ የሚደመስሰውን የጊት ትዕዛዝ ጻፍኩ። ኢንተር መጫን ብቻ ሲቀረኝ ሱዳናዊው ባልደረባዬ ዑስማን ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። «ያላ፣ ፋጡር!»

ካርቱም ውስጥ ረፋድ ላይ ለቁርስ ተጠርቶ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሁላችንም አንድ ሰሃን ፉል ከበን ተቀመጥን። ገና አንዴ ከመጉረሴ ድንጋይ ነከስኩ። «ይሄማ አይበላም!» ብዬ ሰሃኑን ገፋሁት። ዑስማን እየሳቀ ወደ መሃል መለሰው። «አንተ ሰው፣ ለአንዲት ጠጠር ብለህ የሁላችንን ፉል ልትደፋ ነው? ድንጋዩን ጣልና ብላ እንጂ!»

እጄን ሳልታጠብ ብድግ ብዬ ወደ ኮምፒውተሬ ሮጥኩ። ለውጦቹን አንድ በአንድ ሳያቸው የተበላሸው አንድ ፋይል ብቻ ነው። ትዕዛዙን አስተካክዬ እሱን ብቻ ወደነበረበት መለስኩት። አፑ ተነሳ! ዑስማን ዳቦ እንደያዘ ተከትሎኝ መጣ። «ተቀየምከኝ እንዴ?»

«ኧረ የምን መቀየም! ድንጋዩን ጥዬ መጣሁ» አልኩት።

ስንመለስ ሰሃኑ ተጠርጎ ተበልቷል፤ ዳር ላይ የቀረችው የእኔው ጠጠር ብቻ ናት። እንደዚያ ቀን ግን ጠግቤ አላውቅም።