ጉድለቱን አስቀድማ የምትናገረው ነጋዴ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሬ ለማስተማር በመጣሁበት ወር፣ ዘንዘልማ ከተከራየሁት ቤት ውስጥ ልብሴን የምሰቅለው በምስማር ላይ ነበር። ባለቤቴ ዜማ ልጆቹን ይዛ ልትመጣ ስለ ተቃረበች አንድ ቁም ሳጥን ለመግዛት ገበያውን ዞርሁ፤ አዲሱ ከመምህር ደመወዝ ጋር የሚተዋወቅ አልሆነም። በዚህ መካከል የሥራ ባልደረባዬ፣ ያገለገለ የቤት ዕቃ በቴሌግራም የምታሻሽጥ ታማኝ ልጅ አለች ብሎ የቻናሉን ስም ሰጠኝ። ተጻጻፍን፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቤቷ ተነሥተን ዕቃው ወዳለበት አብረን እንድንሄድ ተቀጣጠርን።

እኔ ከቀጠሮው ቀድሜ ደረስሁ። ከገበያው ጀርባ ያለውን አረንጓዴ የብረት በር ባንኳኳ፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ፣ ጢማቸውን ሂና የነካው፣ ረጅም ሽማግሌ ከፈቱልኝ።

«እንደምን አደሩ አባቴ፤ የሚሸጠውን ቁም ሳጥን ለማየት የመጣሁ ነኝ» አልሁ።

«ተሳስተዋል ጌታው። ይህ የሙሀመድየሱፍ ቤት ነው። ዕቃ ከፈለጉ ሱቄ ገበያው መካከል አለልዎ። ከዚህ ቤት ግን የቤት ዕቃ ወጥቶ ተሽጦ አያውቅም፤ አላህም ያንን ቀን አያምጣው!»

ይቅርታ ጠይቄ ልመለስ ስል አንዲት ወጣት ሻርፕዋን እያስተካከለች ከውስጥ ሮጣ ወጣች። «አባዬ፣ እንግዳው ወደ እኔ ነው የመጡት» አለች። አቶ ሙሀመድየሱፍ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ልጃቸውን ተመለከቱ። ፊታቸው ቢለዋወጥም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እንግዳ ደጅ አቁሜ አልነጋገርም፤ ይግቡ» አሉኝ። የተናደደ ሰው የእንግዳን ክብር ሳያጎድል ሲቀር ማየት ደስ ይላልና ገና በዚያች ደቂቃ ወደድኋቸው።

ሳሎን ከተቀመጥንና ሻይ ከተቀዳልን በኋላ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሸምሲያ፣ እስኪ አስረጂኝ። ዩኒቨርሲቲ ልኬ አስተማርሁሽ፤ በሂሳብ አያያዝ ተመረቅሽ። አሁን ቆራሌ ሆንሽልኝ?»

«ቆራሌም ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው አባዬ። የእኔ ሥራ ግን እንዲህ ነው፤ ሻጩ ቤቱ ጠርቶ ዕቃውን ያሳየኛል፤ እኔ መርምሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ ያለበትን ሁኔታ ጽፌ አወጣዋለሁ። የፈለገ ሰው አይቶ ይመጣል። ሲስማሙ ለድካሜ ይከፍሉኛል።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «እንደሚያዝኑ ስለማውቅ ነው፤ መምህሩንም የቀጠርኋቸው እርስዎ ሱቅ ከሄዱ በኋላ እንዲመጡ ነበር። መደበቄ ጥፋት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ሥራው ግን ጥፋት የለበትም።»

«የለበትም ትያለሽ? በዚህ ከተማ ሙሀመድየሱፍ ሲባል ጥሩ ጨርቅ፣ አዲስ ዕቃ ማለት ነው። ነገ ልጁ አሮጌ ሶፋ ትሸጣለች ቢባል፣ ሰው የሚለው ሙሀመድየሱፍ ከሰረ ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ የእህቴ ልጅ በዚሁ በስልክ ገበያ ሞባይል ገዛሁ ብሎ ገንዘቡን አስቀድሞ ልኮ፣ የመጣለት ባዶ ካርቶን ነው። ሻጩን አያውቀው፣ ፊቱን አላየው! ደግሞስ የተሰረቀ ዕቃ ቢያመጡልሽ በምን ታውቂያለሽ?»

«ትክክል ነዎት፤ ሌባም አጭበርባሪም አለ» አለች ሸምሲያ። «ስለዚህ እኔ ባለቤቱን ከነቤቱ፣ ከነመታወቂያው ሳላይ ዕቃ አልቀበልም። ገዢም ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ፣ የሚሰካ ከሆነ ሰክቶ ሳይሞክር አንድ ብር አይልክም። ያክስቴ ልጅ ባዶ ካርቶን የደረሰው ይህን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።»

እኔም ዝም ማለት አልቻልሁም። «ጋሽ ሙሀመድየሱፍ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ያማረ ቤት ያሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«የለም፤ ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው የገዛሁት።»

«እንግዲያስ ሰው የኖረበትን ቤት ገዝተው ማንም ከሰረ አላለዎትም። ያገለገለ መኪና የገዛም ሰው እንኳን ደስ ያለህ ይባላል። ታዲያ ቁም ሳጥን ላይ ስንደርስ የምናፍረው ለምንድን ነው?»

ፈገግ አሉ፤ ግን አልተረቱም። «መምህር ነዎትና አንደበትዎ የሰላ ነው። ሰው ግን በክርክር አይኖርም፤ በስሙ ነው የሚኖር። ሸምሲያ፣ ይህን ነገር ዛሬውኑ ዝጊው!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የልጅቱ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ሰገነት የሚባሉ እናት ናቸው። ባለቤታቸው ከሚሠሩበት ፋብሪካ ወደ ሐዋሳ ተዛውረው ቤተሰቡ ማክሰኞ ሊሄድ ነው። «ሸምሲዬ፣ እንዳትቀሪብኝ» አሉ በጭንቀት። «ደላላው እንደምንሄድ ስላወቀ ዋጋ እንኳ አይጠራም፤ ጥለንለት የምንሄድበትን ቀን ነው ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው።»

ሸምሲያ አባቷን አየች። እሳቸውም «ቃል ሰጥተሻቸዋል?» አሉ።

«ሰጥቻለሁ። የመምህሩም ቁም ሳጥን ያለው እሳቸው ዘንድ ነው።»

«ቃል ከተሰጠ ይፈጸማል። እኔም አብሬ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይዘጋል።»

ሦስታችን በባጃጅ ወደ ሽምብጥ ሰፈር ሄድን። ወይዘሮ ሰገነት የሚኖሩበት ቤት ለሐይቁ የቀረበ ነው፤ በመስኮቱ ጣና ወለል ብሎ ይታያል። ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቷል። ቁም ሳጥኑን አየሁት፤ ሸምሲያ እንደ ጻፈችልኝ አንደኛው መሳቢያው ይጠብቃል፣ ጀርባው ላይ እርጥበት የነካው ምልክት አለ፤ ሌላው ሁሉ ጠንካራ ነው። ወዲያው ተስማማን። አቶ ሙሀመድየሱፍ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ሐይቁን የሚያዩ መስለው፣ ጆሯቸውን ወደ እኛ ጥለው ቆመዋል።

ከዚያ ወደ ፍሪጁ ተሄደ። ፍሪጁ ከሁለት ቀን በፊት ቻናሉ ላይ ወጥቶ፣ ከሐሙሲት አንዲት ሴት ሊያዩት በመንገድ ላይ ናቸው። ወይዘሮ ሰገነት ልጅቱን ወደ ጓዳው በር ሳብ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እህቴ፣ ሴትየዋ ሲመጡ ሞተሩ መቀየሩን ደግመሽ ባታነሺው ምን አለ? ደህና እየሠራ እኮ ነው። ተረስቷቸው ይሆናል፤ ስታስታውሻቸው ዋጋ ይቀንሳሉ» አሉ።

«እትዬ ሰገነት፣ ችግርዎ ይገባኛል» አለች ሸምሲያ በትሕትና። «ነገር ግን ዐይቡን፣ ጉድለቱን ማለቴ ነው፣ ሳልናገር ዕቃ አላሻሽጥም። ሞተሩ ተቀይሯል፤ የበሩ ላስቲክም በታች ጥጉ ላይ ያፈስሳል። ይህን አውቀው የገዙ እንደሆነ ወደው ገዙ ማለት ነው። ሳያውቁ ቢገዙት ግን እርስዎም እኔም የሰው ሐቅ ይዘን ቀረን።»

አቶ ሙሀመድየሱፍ ከመስኮቱ ዞሩ። «ይህን ቃል ከማን ሰማሽው?» አሉ።

«ከእርስዎ ነዋ አባዬ! ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቅ እየመጣሁ እቀመጥ የለ? አንድ ቀን አንዲት የሙሽራ ልብስ የሚያዘጋጁ ሴት ሙሉ ጣቃ ሊገዙ ሲሉ፣ ውስጥ ውስጡን ውሃ ነክቶት እንደ ነበር ማንም ሳያይብዎ ዘርግተው አሳዩዋቸው። ሴትየዋ ጥለው ሄዱ። እኔ በልጅነቴ ለምን አሳዩ ብዬ ተናደድሁ። እርስዎም ‹ዐይቡን የደበቅሁት ዕቃ በረካ የለውም› አሉኝ። ሥራዬን የጀመርሁት ከዚያ ቃል ነው።»

ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ላብ ግን አላየሁባቸውም። እኛ መምህራን ስለ አዲስ ነገር ስናወራ አዲሱ አሮጌውን እየሻረ የመጣ እናስመስለዋለን። በዚያ ሳሎን ያየሁት የተለየ ነበር። የልጅቱ ስልክ አዲስ ነው፤ በስልኩ ውስጥ የሚናገረው ሕሊና ግን በአባቷ ሱቅ ውስጥ የተቀረጸ ነው።

ወዲያው አይሱዙ መኪና ከበሩ ቆመ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም፣ ሐሙሲት ላይ በጎንደር መንገድ ዳር ሻይ ቤት ያላቸው ሴት፣ ሞቅ ባለ ድምፅ ሰላምታ እያቀረቡ ገቡ። አቶ ሙሀመድየሱፍ ማንንም ሳይጠብቁ ቀደሙ።

«እመቤት፣ የዚህ ፍሪጅ ሞተር የተቀየረ መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ እንጂ! እዚህ ድረስ ያመጣኝ እሱ አይደል?» አሉ ሴትየዋ። «በስልክ ስንቱን አየሁ መሰለዎ። ሁሉም ‹ምንም እንከን የለውም› ይላል። እንከን የሌለው አሮጌ ፍሪጅ ከየት ይመጣል? ይቺ ልጅ ግን ሞተሩ መቼ እንደ ተቀየረ ጻፈች፤ የሚያፈስሰውን ጥግ ሳይቀር ፎቶ አንሥታ አሳየችን። ይኸው ላስቲኩን ገዝቼ ይዤ መጣሁ!»

ከፌስታላቸው አዲስ ላስቲክ መዘዙ። ወይዘሮ ሰገነት ፊታቸው ቀላ፤ «ልደብቀው አስቤ ነበር እኮ» አሉ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያስደስተኛል። አቶ ሙሀመድየሱፍ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቀሉና ተንበርክከው አሮጌውን ላስቲክ መንቀል ጀመሩ። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ አንድ ወረቀት በበሩ መካከል አስገብተው ዘጉና ሳብ አደረጉት፤ ወረቀቱ ተይዞ ቀረ። «አዩ? አሁን ብርዱ አይወጣም» አሉ እንደ ሻጭ ፈክተው። የነጋዴነት ደማቸው ተነሥቷል! «ለመሆኑ ምን ሊያቀዘቅዙበት ነው?»

«ውሃና ለስላሳ። አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው ቀዝቃዛ ይላል፤ እኔ ለብ ያለ አቀርባለሁ፤ ትቶኝ ወደ ማዶው ይሻገራል። አዲስ ካልሆነ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ገና ስቆጥብ ነበርሁ። ግን አባቴ፣ አንድ ፍርሃት አለኝ። ሳምንት ሳይሞላው ቢቆም ማን ዘንድ እሄዳለሁ? እሳቸው ሐዋሳ ሊሄዱ ነው።»

ሁላችንም ሸምሲያን አየን። የቻናሉ ሥራ ያልሞላው ጉድለት እሱ ነበር፤ ብልኋ ሴትዮ ነኩት። ያን ጊዜ አባትየው ከጉልበታቸው ተነሡ።

«እኔ ዘንድ ይመጣሉ» አሉ። «ባሕር ዳር ገበያ ገብተው የሙሀመድየሱፍ ሱቅ የት ነው ቢሉ ማንም ያሳይዎታል። ሳምንት ይሞክሩት። በሳምንቱ ውስጥ ልጄ ያልነገረችዎ ጉድለት ከተገኘ ገንዘብዎን የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«አባዬ!» አለች ሸምሲያ።

«ምን አባዬ ትያለሽ? ስሜን ፈርቼ ልዘጋው ነበር የመጣሁ። ስም ለእንዲህ ያለ ቀን ካልሆነ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ፍሪጁ ተጫነ፤ ወይዘሮ ሰገነት ደላላው ተስፋ ያስቆረጣቸውን ዕቃ ሁሉ በሚገባ ዋጋ ሸጠው ማክሰኞ በሰላም ሄዱ። እኛም ስንመለስ እስከ ዋናው መንገድ በሐይቁ ዳር በእግራችን ሄድን። ሽማግሌው በመንገድ ላይ ሁለት ነገር አዘዙ። አንደኛው፣ ከእንግዲህ የሚሰካ ዕቃ ሁሉ የሳምንት ዋስትና ይኑረው፤ የሻጩ ገንዘብ ከፊሉ እስከዚያ በአደራ ይቆይ። ሁለተኛው፣ ልጃቸው ከአባቷ የምትደብቀው ሥራ አይኑራት። «የተቃወምሁት ያላየሁትን ነው መምህር» አሉኝ። «እኔ የስልክ ገበያ ሰውን ከሰው የሚያራርቅ መስሎኝ ነበር። ለካ የሐሙሲትን ሴት ከሽምብጥ ሴት ጋር የሚያስተዋውቅ ሰው ጠፍቶ ኖሯል የደላላ መጫወቻ የሆንነው!»

ከወር በኋላ ለዚያው ቤታችን የአልጋ ልብስ ልገዛ ሱቃቸው ሄድሁ። ባለቤቴ ዜማ በቁም ሳጥኑ እጅግ ተደስታለች፤ የሚጠብቀውን መሳቢያ እንኳ ሳሙና ቀብታ አስተካክላዋለች። ሱቁ ውስጥ ጎረቤታቸው አቶ ሙአዊያ ቆመው ያወራሉ። በጨዋታ መካከል፣ «ሙሀመድየሱፍ፣ ልጅህ አሮጌ ዕቃ ትሸጣለች አሉ፤ እውነት ነው?» አሏቸው።

አቶ ሙሀመድየሱፍ የያዙትን ጨርቅ ሳያስቀምጡ ቀና አሉ። «እውነት ነው፤ ማሻአላህ በል! የዕቃዋን ጉድለት ከጥቅሙ አስቀድማ የምትናገር ነጋዴ ናት። ከወረታ እስከ ቁንዝላ ይጽፉላታል። አንተም ጓዳህን የሞላውን ዕቃ ልታስወግድ ከፈለግህ ቀጠሮ ላስይዝልህ እችላለሁ፤ ጉድለቱን ግን አትደብቃትም፤ ታገኘዋለች።» አቶ ሙአዊያ ሳቁ፤ ከመውጣታቸው በፊት ግን ስልካቸውን አውጥተው የቻናሉን ስም አስጻፉ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚህ ነገር የተገኘውን ጥቅም አስብ። የሚሄድ ቤተሰብ ንብረቱን ሳይጥል ሄደ፤ የሚመጣ ቤተሰብ ሳይበደር ቤቱን አሟላ። በሐሙሲት መንገድ የደከመው ተሳፋሪ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣል። ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል የሚችል እንጨትና ብረት በሐይቃችን ዳር ተጥሎ ከመበስበስ ዳነ። አዲስ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅም አልተጎዳም፤ እንደ እኔ በቁም ሳጥን ያተረፈውን ገንዘብ ይዞ ለአልጋ ልብስ የሚመጣ ሰው በዛለት እንጂ። ሥራ ጠፋ ተብሎ በሚለቀስበት ጊዜ አንዲት የተማረች ልጅ ሥራዋን ራሷ ፈጠረች። ይህ ሁሉ የሚቆመው ግን በአንድ ምሰሶ ላይ ነው፤ ሻጭ እውነቱን ይናገር፣ ገዢም ሳያይ አይክፈል።

የአልጋ ልብሱን አስጠቅልዬ ስወጣ አንድ ሠዓሊ መሰላል ላይ ቆሞ ለሱቁ አዲስ ማስታወቂያ ይጽፋል። «ሙሀመድየሱፍና ልጆቹ ልበለው?» ብሎ ከላይ ጠየቀ።

አቶ ሙሀመድየሱፍ እስከ ደጁ ወጥተው፣ እጃቸውን ከፀሐዩ ከልለው ቀና ብለው አዩት። «ሙሀመድየሱፍና ሸምሲያ በል» አሉት። «የእሷን ስም ከስሜ እኩል አድርገህ፣ ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ አድርገህ ጻፈው።»