በሳንቲሙ ጀርባ ያለው አልጋ

ኧረ ግቢ ወይንእሸት! ጭቃው እንዴት አሳለፈሽ? ከዚያ ቆላ እዚህ ቢቸና ድረስ፣ በዚህ ሆድ... ጎበዝ ነሽ። ገንፎው እስኪበስል አረፍ በይ። ወንበር እንኳ የለም፤ ሰሌኑ ላይ ነው። መውለጃሽ በዚህ ሳምንት ነው አሉኝ? እንኳን አሁን መጣሽ፤ የእናቶች ማቆያችን እንዲህ አምሮበት አያውቅም።

ባለፈው መስከረም የአንገት መስቀልሽን ለአልጋ መግዣ ብለሽ ሰጥተሽን አልነበር? እኔም የእናቴን ድሪ ሰጥቻለሁ። የሞጣዋ ዘይዳ የብር አምባሯን በሳሙና አንሸራታ ነው ያወጣችው። ታዲያ የማቆያው መሥራች ጌታዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሁሉንም አስቀልጠው የማስታወሻ ሳንቲም አሠሩበት! የድስት ክዳን ያህላል። ላዩ ላይ ማን አለ? ራሳቸው ናቸዋ፤ ሌላ ማን ሊሆን! ሕፃን ታቅፈው... አንጥረኛው ሠላሳ ዓመት ቀንሶላቸዋል። ሕፃኑን ከየት እንዳገኙት ግን እንጃ። ልባቸው ስስ ነው፤ ምጥ ባለበት ደጅ እንኳ አያልፉም።

«አልጋውስ?» አልኳቸው እኔ ሞኟ። ቆጣም አላሉ እኮ! ሳንቲሙን ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ። ከጀርባው አልጋ ተቀርጿል፤ ትራሱ ሳይቀር፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር። «ይኸው አልጋችሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይሄኛው ትኋን አያፈራ፣ እግሩ አይሰበር...

አሁን የት እንዳስቀመጡት ታውቂያለሽ? ለእናቶች በተሠራው ክፍል፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ቀይ ከፋይ ተነጥፎለት። ቁልፉም እሳቸው ጋ ነው። ብርድ እንዳይመታው አስበው ይሆናል እንጂ ክፋት ያውቃሉ? ትናንት የአቶ ሰማውን ሚስት እዚሁ ሰሌን ላይ ምጥ ጀመራት፤ በነጠላዬ ጋረድኳት። እሳቸው ከግድግዳው ወዲያ ለእንግዶች ስለ እናቶች ክብር ይናገሩ ነበር። ድምፃቸው እንዴት ጥርት ብሎ ይሰማል! ያቺ ባለጌ ግን ጮኸችባቸው። እንግዳ ባለበት ይጮኻል?

ተናደድኩ አልልሽም... እውነቱን ልንገርሽ፣ አንጀቴ አሯል። የእናቴ ድሪ የትኛው ጉንጫቸው ላይ እንደዋለ ባውቅ ግን ትንሽ ይቀለኝ ነበር።

በይ ጋደም በይ፤ ጋቢዬን ከሥር አንጥፊው። እሳቸውን መመረቅ ነው እንጂ ማማት ነውር ነው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው። የእናቶች ጸሎት አይለያቸው። እዚህ ሰሌን ላይ ያማጡ እናቶች ስለ እሳቸው ያሉትን ሁሉ እግዜር ይስማ፤ አንዲትም ቃል ሳትጎድል ትድረሳቸው። አሜን በይ እንጂ!