መሪው ሲዞር

ከከዚራ ወደ መልካ ጀብዱ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠው መካኒክ ጎኑ ያሉት ሰውዬ ጭናቸው ላይ ያስቀመጡትን አዲስ የሞተር ሳይክል ካቮ፣ ያንን የሽቦ ገመድ፣ አይቶ ዝም ማለት አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ የነዳጅ ካቮ ለምን ዓይነት ሞተር ነው?»

«ለገጠር መንገድ ለምትሆነዋ፣ መሪዋ ከፍ ላለው።»

«አቦ፣ ለእሷማ ያጥራል!»

«ኧረ አምና የገዛሁትም ይሄው ነው። እስኪበጠስ ሠርቶልኛል።»

«መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ ሞተሩ በራሱ አይጮህም ነበር?»

«ይጮህ ነበር። ጠባይዋ ነው ብዬ ለመድኩት።»

«ምን ጠባይ አለው ጋሼ! አጭር ካቮ መሪው ሲዞር ይወጠርና ነዳጁን ራሱ ይስባል። እጅዎን ቢለቁም ተፈትልካ ትሄዳለች። ወላሂ፣ ሰው ይገድላል!»

ሰውዬው ካቮውን ከጭናቸው አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ምነው ጋሼ?»

«የሚስቴ ወንድም ተውሷት ኩርባ ላይ ወደቀ። እግሩ ተሰበረ።»

«አላህ ያሽረው። ምን ሆኜ ነው አለ?»

«‹ነዳጅ አልሰጠሁም፣ ራሷ ይዛኝ ሄደች› አለ። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ውሸታም አልኩት። ‹መንዳት ሳትችል የሰው ንብረት ሰበርክ› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«በክራንች ቤቴ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ይቅር አልኩት።»

የእኔ መውረጃ መንገድ ላይ ያለው ሳቢያን ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አብሬያቸው መልካ ጀብዱ ገባሁ።