የጀልባዋ ቆዳ

በእኛ ጊዜ ኦሞራቴ ላይ ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እናንተ ዛሬ በመኪና ሽው ብላችሁ የምታልፉትን የኦሞን ወንዝ እኛ በጀልባ ነበር የምንሻገረው። እኔ ደግሞ የጤና ጣቢያው ጀልባ ነጂ ነበርኩ፤ ጋሞ ነኝ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፣ እና ስለ ጀልባ ሳወራ ዝም ብዬ እንዳይመስላችሁ። ያቺ ጀልባ ፋይበር ግላስ ነበረች፤ እንጨት አይደለች፣ ብረት አይደለች። አዲስ ስትመጣ እንዴት ታበራ እንደነበር! የአገሩ ሰዎች ዳሰነቾቹ ፊታቸውን እያዩባት ይስቁ ነበር።

ታዲያ ፀሐዩ… የኦሞራቴን ፀሐይ ታውቁት የለ? እሱ በላት። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ወዟ ጠፋ፣ ነጣች፣ ስትነኳት ነጭ ዱቄት እጅ ላይ ይቀራል። ግን ውሃ አታስገባም፣ ሞተሯም ይሠራል፤ ሥራችንን ቀጠልን።

ታዲያ ማዶ ሎኮሎም የሚባል የዳሰነች ሽማግሌ ነበር፣ ከብት አዋቂ። የልጁ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፣ እና አዋላጇ ሲስተር አልማዝ መረመረቻትና "ይቺ ልጅ ቤት ከወለደች አትተርፍም! ምጥ ሲጀምራት ወዲያው ታሻግሩልኛላችሁ" አለች። ሎኮሎም መጣ፣ ጀልባዋን እንዲህ ዳበስ አደረገና መዳፉን አየ፤ ነጭ።

"ይሄ ታሟል" አለኝ። አማርኛው እንደኔው ስብርብር ያለ ነበር። "ቆዳው ሞቷል። የታመመ አህያ ላይ ዕቃ አንጭንም፤ ሰው ልጫን?"

"ኧረ ሎኮሎም፣ ይሄ እኮ ዕቃ ነው፣ ዕቃ አይታመምም!"

"ዕቃ ከሆነ ቆዳው ለምን ይረግፋል?"

እምቢ አለ፣ እምቢ! ሲስተር አልማዝ ለመነችው፣ እምቢ። በግንድ ታንኳ ትሻገር እንዳይባል ደግሞ ወንዙ ሞልቷል፤ ምጥ የያዛትን ሴት እዚያ ላይ ማን ደፍሮ ያስቀምጣታል? እኔ ልጅቷ ከምትሞት የጀልባዋን ቆዳ ላድሰው ብዬ ተነሳሁ።

በአይሱዙ ተሳፍሬ ጂንካ ሄድኩ። መኪና ቀለም የሚቀባ ወዳጅ ነበረኝ፤ ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት፣ ፓሊሽና ሰም ሰጠኝ። "ምን ልታደርጋት ነው፣ ልትድራት ነው?" እያለ ሳቀብኝ። "አዎ፣ ልድራት ነው" አልኩት፤ ምን ልበለው?

ታዲያ ስመለስ ምን ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ጀልባዋ ታበራለች! ለካ ሎኮሎም አዝኖላት፣ ቆዳ እንደሚያለሰልሱት ቅቤ ቀብቷታል፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ! አሸዋው ተለጥፎባታል፣ ዝንቡ አይነሳ። "መድኃኒት አደረግሁላት፣ አልዳነችም" አለኝ እያዘነ። ልቆጣው አልኩና ፊቱን ሳይ ተውኩት። ቅቤ የነካውን ደግሞ የብርጭቆ ወረቀት አይሠራበትም፣ እና በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩ፣ አጠብኩ፣ አጠብኩ። ከዚያ ወረቀቱን ውሃ እያስነኩ ማሸት ነው፤ በደረቁ ካሸኸው ትቧጭራታለህ። የሞተው ልባስ ወተት መስሎ ይወርዳል። ቀጥሎ ፓሊሽ፣ ከዚያ ሰም፤ ፀሐዩን የሚከለክለው ሰሙ ነው።

አንዱ ጎን አልቆ ሌላው እንደነጣ፣ ከማዶ ጩኸት መጣ። ምጥ! ጀልባዋን ገፍተን ውሃ ውስጥ አስገባናት፣ ከሲስተር አልማዝ ጋር ተሻገርን። ልጅቷ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ታቃስታለች። ሎኮሎም ቀረበ። የሚያበራውን ጎን ነካ፣ መዳፉ ንጹሕ። ዞሮ የነጣውን ነካ፣ ነጭ። ሲስተር አልማዝ "ኧረ በእግዚአብሔር! ልጅቷ እኮ እያለቀች ነው!" ትላለች።

ታዲያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? እጄን ያዘና ገለበጠው። ከማሸቱ ብዛት የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ ቀልቷል። አየው፣ አየው።

"ቆዳህን ለሷ ሰጠህ?"

"ምን ላድርግ፣ ጠባቂዋ እኮ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ጠባቂ ካላት ትድናለች" አለና ወደ ሴቶቹ ዞሮ "አስገቧት!" አላቸው።

ጤና ጣቢያው እንደደረስን ሴት ልጅ ተገላገለች። እኔ አለቀስኩ፤ ምን ያሳፍራል፣ አለቀስኩ። በማግስቱ የቀረውን ጎን ጨረስኩ፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ሳይደርቅባት እያጠብኩ፣ ሰሙን እያደስኩ፣ ስትቆም በሸራ እየሸፈንኩ ያዝኳት። አያችሁ፣ እኔ የማምነው ሞተሯን ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው ይቺ ነገር ሰው አላት ወይ ብሎ ነው።

— ጋሼ፣ አሁንስ የት ናት?

ድልድዩ ሲሠራ ጡረታ ወጣን፣ እሷም እኔም! ጤና ጣቢያው ጓሮ ተቀምጣለች፣ በየፋሲካው አሁን ከምኖርበት ከጂንካ ወርጄ ሰም እቀባታለሁ። ሎኮሎም አርፏል፣ ነፍሱን ይማረው። ያቺ የተወለደችው ልጅ ግን ዛሬ ራሷ እናት ሆናለች፤ መምጣቴን ስትሰማ በድልድዩ ከች ትላለች፣ እና ደህና ነህ ወይ እንኳ ሳትለኝ ሸራውን ገልጣ በመዳፏ ዳበስ ታደርጋታለች፣ ከዚያ መዳፏን ታየዋለች። ነጭ እስካሁን አላገኘችብኝም! ሃ ሃ ሃ!