ከእንቁላሉ ቅርፊት ሥር

በስደት አገር፣ ቡሪ በሚባል ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምሠራላት ዶክቶራ የአርኪዮሎጂ መምህር ናት። ለተማሪዎቿ ቁፋሮ የምታስተምርበት የሌባ ታሪክ እየጻፈች፣ እኔ ልብስ ስተኩስ ታነብልኛለች። ከጉድጓድ ውስጥ አንድ ማሰሮ ይሰረቃል፤ ተማሪዎቹ የአፈሩን ንብርብር ብቻ አይተው ሌባውን ይደርሱበታል። ታሪኩ ልቤን ወሰደው።

ባለፈው ጁምዓ ሳጃና ሰፈር፣ እትዬ ዘይነባ ቤት፣ የአገር ልጆች ዶሮ ተጠራን። ወጡ ሲቀርብ ፈረሰኛው የለም። እትዬ ዘይነባ፣ "ወላሂ ሐራሚ፣ ሌባ ገብቷል ቤቴ" ብለው ከአገር ገና የመጣችውን ሐዋን ገላመጧት። ሐዋ ከሁላችን ቀድማ መጥታ፣ እንደገባች እንቁላል ስትልጥላቸው ነበር፤ ዓይኗ እንባ ግጥም አለ።

"ማንም ምንም እንዳይነካ" አልኩ። ድምፄ የዶክቶራን መሰለኝ። የቆሻሻውን ባልዲ መሀል ላይ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁትና በማንኪያ ከላይ ወደ ታች መቆፈር ጀመርኩ። "ምነው፣ ጅን ያዘሽ?" ይሉኛል። መጀመሪያ የሐዋ የእንቁላል ቅርፊት ወጣ። ከሥሩ፣ ሙልጭ ተደርጎ የተጋጠ የፈረሰኛው አጥንት።

"ከታች ያለው ቀድሞ የተጣለ ነው" አልኩ። "ሐዋ ሳትመጣ እዚህ ቤት ማን ነበር?"

ሁላችንም ወደ እትዬ ዘይነባ ዞርን።

"ጨው ልቀምስ ብዬ እኮ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሐዋ እንባዋን ሳትጠርግ ትንከተከታለች። እኔ ግን ሥራዬን አልጨረስኩም። ዶክቶራ "ያገኛችሁት ለኪሳችሁ አይደለም፣ ለባለቤቱ ይመለሳል" ትላለች። አጥንቱን በሰሃን አድርጌ፣ በሁለት እጄ፣ ለእትዬ ዘይነባ አስረከብኳቸው።